ስምንት ሺህ ዙር

ትግሉ ሱዳን፣ ዶካ ውስጥ፣ ከገዳሪፍ ወደ ጠረፍ በሚወስደው አስፋልት ዳር የሚሠራ መካኒክ ነው። ዕድሜውን ሙሉ ትራክተርና የጭነት መኪና ሲፈታ ስለኖረ፣ ለእሱ ሞተር ማለት እያጓራ የሚጎትት ናፍጣ ብቻ ነው። ራሒማ ከካርቱም ጦርነት የሸሸችባትን አሮጌ የስፖርት ሆንዳ ዘይት ታፈሳለች ብላ ስታመጣለት፣ ኮፈኑን ከፍቶ ትንሿን ባለ አራት ፒስተን ሞተር አየና ሳቀ።

"እህቴ፣ ይቺ አህያም አትጎትት። አውጥተሽ ሌላ ሞተር አስገቢበት።"

"ገና አልሰማሃትም" አለችው ራሒማ። ካርቱም የተወለደች የሐበሻ ልጅ ናት፤ መኪናዋም የሟች ወንድሟ የጆኒ ነበረች።

ትግሉ ዘይት የሚያፈሰውን የጎማ ማሸጊያ፣ ጎሚኒውን፣ ቀይሮ እጁን ሳይታጠብ አንድ ትራክተር እየተንገጫገጨ መጣ። ተሳቢው ላይ እንዳለው የሚባለው ታናሽ ወንድሙ ተዘርሯል። ባሱንዳ እርሻ ላይ ማሽላ ሲያጭድ እባብ ነድፎት፣ እግሩ እስከ ጉልበቱ አብጦ ጠቁሯል። መርዙን የሚያረክስ መርፌ ያለው ገዳሪፍ ነው። ትግሉ ባለበት ደርቆ ቀረ።

"ያላ! ምን ቆመህ ታያለህ? አስገባው!" ብላ ራሒማ ጮኸችበት።

እንዳለውን ከኋላ አስተኝተው ወጡ። አስፋልቱ ጭር ብሏል። ራሒማ ነዳጁን ረገጠችው፤ የዙር ቆጣሪው ቀስት አራት ሺህን፣ አምስት ሺህን አለፈ።

"ማርሽ ቀይሪ! ሊፈነዳ ነው!" አለ ትግሉ።

"ገና ነው።"

ስድስት ሺህ ላይ ድምፁ ድንገት ሌላ ሆነ። ያ ልሙጥ ጉርምርምታ ወደ ስል ጩኸት ተቀየረና መኪናዋ ተስፈነጠረች፤ የትግሉ ጀርባ ከወንበሩ ጋር ተጣበቀ። ሰባት ሺህ። ስምንት ሺህ። የተሰባበረ ፒስተን ኮፈኑን ቀዶ ሲወጣ ታየውና ዓይኑን ጨፈነ። ራሒማ ግን ማርሹን ቀጭ አድርጋ ቀየረች፤ ቀስቱ ትንሽ ወርዶ እንደገና ሽቅብ ወጣ። ምንም አልፈነዳም።

"ሁለት ትንፋሽ ነው ያላት" አለች ዓይኗን ከመንገዱ ሳትነቅል። "ዙሩ ዝቅ ሲል ዝም ያለች ናት። ዙሩ ሲጨምር ግን ቫልቮቿ በደንብ ይከፈታሉ። ጆኒ ለዚህች ድምፅ ሲል እንቅልፍ አልነበረውም።"

ትግሉ በጎን መስታወቱ ፊቱን ድንገት አየና ከቅድሙ ይበልጥ ደነገጠ። እየሳቀ ነበር። ወንድሙ ከኋላው እያጣጣረ፣ እሱ በሞተር ድምፅ ልቡ በደስታ ይዘላል! አፉን በዘይታማ እጁ ከደነ። የሞተሩ ድምፅ ግን ደረቱን መነቅነቁን አላቆመም።

ገዳሪፍ ደረሱ፤ እንዳለው መርፌውን ተወጋ። ሁለት የእግር ጣቶቹ ቢቆረጡም ነፍሱ ተረፈች። በማግስቱ ዓይኑን ገልጦ ወንድሙን አየው።

"ጋሼ፣ መኪና ውስጥ ስትስቅ አይቼሃለሁ።"

ትግሉ ላብ አጠመቀው። "እንዳለው ሙት፣ እኔ እንጃ... ምን እንደነካኝ..."

"እኔማ ወንድሜ ከሳቀ አልሞትም ማለት ነው ብዬ ነው የተጽናናሁት።"

ትግሉ ከክፍሉ ወጥቶ የሆስፒታሉ ግድግዳ ሥር ተቀመጠና ስቅስቅ ብሎ አለቀሰ።