የሠርካለም አጎነባበስ

ወረታ ውስጥ በሩዝ መፈልፈያዎቹ ደጅ የደስታውን ትከሻ የማያውቅ ጫኝና አውራጅ የለም። ኩንታል ሙሉ ሩዝ ተሸክሞ በጠባቧ ሳንቃ አይሱዙ ላይ ሲወጣ ጉልበቱ አይንቀጠቀጥም። አንድ ነገር ግን እሱም ጓደኞቹም ልብ ብለውት አያውቁም፤ ጆንያውን ከመሬት የሚያነሱት ሁለት አሸካሚዎች ናቸው። ደስታው የሚያቀርበው ትከሻውን ብቻ ነው።

በነሐሴ መጀመሪያ እዮብ የሚባል የስፖርት መምህር ከተማው ውስጥ ጂም ከፈተ። አንድ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ደስታው ከነጓደኞቹ ጎራ ብሎ፣ ወጣቶቹ ብረት ከመሬት እያነሱ ቀጥ ብለው ሲቆሙ አየና ሳቀ። እዮብ በባዶው ዘንግ እንዲጀምር ቢመክረው ተቆጣ። ኩንታል ለሚሸከም ሰው ባዶ ዘንግ! ሰማንያ ኪሎ አስጫነና ጀርባውን ቆልምሞ እየጎተተ እንደ ምንም አነሳው። ያም አልበቃው፤ ለሚቀጥለው እሁድ መቶውን አነሳለሁ ብሎ በሁሉም ፊት ፎከረ። ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው።

በማግስቱ ከአልጋው ሊነሳ ሲል ታችኛው ወገቡ ግራና ቀኙ እንደ ደረቀ ጠፍር ግትር አለበት። ጫማውን ማሰር አቃተው። ሆዴን አሞኛል ብሎ ልኮ ከሥራ ቀረ፤ ውሸቱ ከሕመሙ ይልቅ አሳፈረው። ከሁሉም በላይ ግን ፈራ። ወገቡ ከተበላሸ እንጀራው ተበላሸ፤ ሌላ ሙያ የለውማ።

ሚስቱ ሠርካለም ቁሐር ሚካኤል ካለው የአባቷ ማሳ ሩዝ ስታርም ውላ ወደ አሥራ አንድ ሰዓት ገደማ ገባች። ለእሷም ሆዴ ነው አላት። ሆዱን ያመመው ሰው ወገቡን ይዞ አይቀመጥም ብላ ስትስቅበት ጊዜ ሁሉንም ዘረገፈው።

«ወደ እግርህ ይወርዳል?» አለችው።

«አይወርድም።»

«ይደነዝዝሃል?»

«የለም። ብቻ ጎንበስ ስል ይይዘኛል።»

በየዓመቱ የአረም መጀመሪያ ሳምንት እሷም ሌሎቹም ሴቶች እንዲሁ እንደሚሆኑ፣ ገላ ሥራውን እስኪለምድ እንደሆነ፣ ከመጋደም ይልቅ ቀስ ብሎ መራመድ እንደሚያሽለው ነገረችው። ከዚያም ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «አምና ወገቤን ስልህ ‹ምን ተሸክመሽ ነው?› አልከኝ» አለች።

ደስታው አሥራ አንድ ዓመት አብሯት ሲኖር አንድም ቀን ጠይቋት አያውቅም፤ አፈረ፣ ከልቡ አፈረ።

ሠርካለም ነገር አታከርም። ብረቱን እንዴት እንዳነሳው እንዲያሳያት ጠየቀችው። ጀርባውን ሲቆለምም ገና ያልለመደች አራሚ እንዲያ ነው የምታጎነብስ አለችና መቀመጫዋን ወደ ኋላ ገፋ አድርጋ ከዳሌዋ ታጠፈች። ጀርባዋ ገበታ ቢቀርብበት የሚያስቀምጥ ነበር። ሳምንቱን ሙሉ ጓሮ ውስጥ በመጥረጊያ እንጨት አለማመደችው፤ ሕመሙም እንዳለችው ለቀቀና አርብ ወደ ሸክሙ ተመለሰ።

እሁድ ጫኞቹ የጂሙን በር ሞሉት። ደስታው ሠርካለምን ይዟት መጣ፤ ባዶውን ዘንግ አነሳና በዝግታ መልሶ አስቀመጠው። ከጫኞቹ አንዱ፣ ምላሰኛው በላቸው፣ መቶው የት እንደገባ ጠየቀና ቤቱን በሳቅ ሞላው። ሆዴን ብሎ ማምለጥ ይቻል ነበር።

«ሰኞ ያመመኝ ሆዴ አይደለም፣ ወገቤ ነው» አለ ደስታው። «መነሣት አቅቶኝ ነበር። አነሳሱን ያስተማረችኝ ሠርካለም ናት። እኔ ያለኝ ትከሻ ብቻ ነው።»

እዮብ ሠርካለም እንድታሳያቸው ለመናት። እሺ ለማለት ዘገየች፤ ኋላ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አጥብቃ አርባ ኪሎውን ያዘች። ብረቱ እግሯን እየታከከ ወጣ። ስታወርደውም ኮሽ አላለም። እዮብ ወደ ወጣቶቹ ዞሮ ያስተማርኳችሁ ይህንኑ ነው አላቸው። የሚስቅ አልነበረም፤ ደስታው ግን ኩንታል ተሸክሞ ያን ያህል ኮርቶ አያውቅም።

ሰኞ አንድ ከአንበሳሜ የመጣ ነጋዴ መፈልፈያው ደጅ ቆሞ ያ ግዙፉ ተሸካሚ ማን እንደሆነ ጠየቀ።

«የሠርካለም ባል ነው» አለው በላቸው፣ ደስታውን ሊያበሽቀው።

ደስታው ከነሸክሙ ቆመ።

«አዎ» አለ፣ «ነኝ።»