የፕሉቶ ፍቅር

“ደግሞ ቀየሩት?” ኦርኔላ መግለጫውን ከግድግዳው ልትገነጥለው ምንም አልቀራት።

የቦሎኛው ሙዚየም አዳራሽ ከሰዓት በኋላ ለእንግዶች ሊከፈት ነው። የድሮዎቹን የኅትመት ሥዕሎች ከየመሳቢያው አውጥታ፣ መርጣ የሰቀለችው እሷ ናት። ከፊቷ ባለው ሥዕል የሙታን ዓለም አምላክ ፕሉቶ ወጣቷን ፕሮሰርፒናን ተሸክሞ ሠረገላው ላይ ይወጣል። ልጅቷ አፏን ከፍታ ትጮኻለች፤ በመዳፏ ፊቱን ትገፋዋለች። ኦርኔላ ከሥሩ «ጠለፋ» ብላ ጽፋ ነበር። አሁን «የፕሉቶ ፍቅር» ይላል።

ዳይሬክተሩ ዶቶር ባልዲሴሪ ከራቫታቸውን እያስተካከሉ መጡና እንደ ሕፃን ስሟን አቆላምጠው ጠሯት።

“ኦርኔሊና፣ የኔ ቆንጆ፣ ዛሬ እንኳ አትነጫነጪ። ሰው ልጆቹን ይዞ ነው የሚመጣው።”

“ዶቶሬ፣ እየጮኸች እኮ ነው!”

“በዚያን ዘመን ፍቅር የሚሣለው እንዲህ ነበር።”

“እሺ፣ ይሄስ?” ወደ ጎን ወዳለው ሥዕል አመለከተች። ጀግናው ሄርኩለስ የሴት ቀሚስ ለብሶ ከንግሥት ኦምፋሌ እግር ሥር ሱፍ ይፈትላል። መግለጫው፣ እሱም የዳይሬክተሩ፣ «የጀግናው ውርደት» ይላል። “እሷ በግድ ስትወሰድ ፍቅር፣ እሱ ቁጭ ብሎ ሲፈትል ውርደት? አያቴ ዕድሜዋን ሙሉ ፈትላለች፤ ተዋርዳ ነው የኖረችው?”

“ጀመረሽ እንግዲህ!” ብለው ሳቁ። “ይልቅ እንግዶቹ ሲመጡ ፈገግ በይ።”

ኦርኔላ ወደ ሥራዋ ተመለሰች። እዚህ ከተቀጠረች ጀምሮ እሷ ታጠናለች፣ እሳቸው ይናገራሉ። ነገሩ ሲጠፋባቸው ደግሞ ከኋላቸው ቆማ የምታወጣቸው እሷው ናት።

አዳራሹ ሞላ። ዳይሬክተሩ ፕሉቶ ፊት ቆመው ስለ ፍቅር ኃይል ብዙ ተናገሩ። የዐውደ ርእዩን ወጪ የቻሉት ባለፋብሪካዋ ወይዘሮ፣ ሲኞራ ቴክላ፣ መነጽራቸውን አድርገው ወደ ሥዕሉ ተጠጉ።

“ቆይ እስቲ፣ ልጅቷ ምን ሆና ነው የምትጮኸው?”

ዳይሬክተሩን ሳል ሳል አላቸው። “እሱማ... ደስታም ያስጮኻል።”

“ፊቱን እየገፋች?”

አንድ ሰው ከኋላ ሳቀ። የዳይሬክተሩ አንገት ቀላ። እንደ ልማዳቸው ወደ ኦርኔላ ዞሩ።

“ኦርኔሊና ታብራራልናለች።”

መልሱ አፏ ላይ ነበር። ግን ራሷን ታውቃለች፤ አፏን ከከፈተች አለሳልሳ፣ ለእሳቸው መውጫ አበጅታ ነው የምትናገረው።

“የለም ዶቶሬ፣ የጻፉት እርስዎ ነዎት፤ ለሲኞራም እርስዎ ይንገሯቸው” አለችና ከኋላቸው ወጥታ እንግዶቹ መሃል ገባች፤ እጇን አጣጥፋም መልሱን መጠበቅ ያዘች።