ከበሩ ሳይነቃነቅ

ከቅጥነቱ የተነሳ ጓደኞቹ «ስንጥር» ይሉታል። የምህንድስና ተማሪ ነው፤ ከትምህርት ሰዓት ውጭ ደግሞ የግቢው በጎ ፈቃደኛ እሳት አጥፊ ቡድን አባል። እናቱ እዚያው ግቢ፣ የሴቶች መኝታ ሕንጻ ውስጥ ጽዳት ትሠራለች። ቡድኑን ሲቀላቀል «ከስንቱ ነገር እሳት መረጥክ?» ብላ ጥቂት ቀን አኩርፋው ነበር።

አንድ ቀን ከምሳ በኋላ የአደጋው ደወል ጮኸ። በሴቶቹ ሕንጻ ሁለተኛ ፎቅ ላይ፣ አንዷ ተማሪ ደብቃ ያስገባችው የኤሌክትሪክ ምድጃ መጋረጃ አቀጣጥሏል። ቡድኑ ሲደርስ ጭሱ በመስኮት ይትጎለጎላል። ተማሪዎቹ እንደተለማመዱት ሜዳው ላይ ተሰብስበዋል። የሕንጻው ኃላፊ ሁሉንም በስም ጠርታ ስትጨርስ «ሁለት ሰው ይጎድላል» አለች፤ «አንዲት የታመመች ተማሪና የጽዳቷ እትዬ።»

 ስንጥር ወደ በሩ ሲሮጥ የቡድኑ አለቃ ክንዱን ያዘው። አለቃው በሌላ ጊዜ የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ነው፤ ጮክ ብሎ መናገር አያውቅበትም።

«አንተ አትገባም።»

«አለቃ፣ እናቴ ናት።»

«ለዚያ ነው የማትገባው። እሷን ስትፈልግ ሌላው አይታይህም። አራታችን እንገባለን። አንተ በሩ ላይ ሆነህ የውሃውን ጎማ ልቀቅልን። ከታጠፈ ውሃ የለንም።»

 አራቱ ጭሱ ውስጥ ሲጠፉ ስንጥር ተንበርክኮ ጎማውን ያዘ። ወደ ውስጥ በሳቡት ቁጥር ይለቃል፤ የበሩ ጠርዝ ላይ እንዳይታጠፍ በጉልበቱ ይደግፋል። እንባው ይወርዳል። በጭሱ እንዳያሳብብ፣ ጭሱ እሱ ጋ አልደረሰም።

ብዙ የቆዩ መሰለው። ከዚያ ሁለቱ እናቱን ደግፈው ወጡ። ፊቷ ጠቁሯል፤ አንድ እግሯ ባዶውን ነው። በአጠገቡ ስታልፍ እጇን ዘረጋችለት።

አለቃው ግን ገና ውስጥ ነበር።

«እማ፣ መጣሁ» አላት። አልመጣም። ጎማውን እንደያዘ፣ አለቃውና አራተኛው የቡድኑ አባል ታማሚዋን ተሸክመው እስኪወጡ ከበሩ አልተነቃነቀም።

ክሊኒክ ሲደርስ እናቱ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ተኝታለች።

«እጄን እንኳ አልያዝከኝም» አለችው።

«አለቃ ልጅቷን ይዞ ውስጥ ነበር፣ እማ። ብለቀው ውሃ ያጡ ነበር።»

 እናቱ ቀስ ብላ ወደ እሱ ዞረች።

«እኔም ደረጃው ጋ ደርሼ ነበር እኮ። ልጅቷ ስታቃስት ሰማኋትና ተመለስኩ። ሐሳቤ አንተ ጋ ነበር፤ ግን የሰው ልጅ ጥዬ እንዴት ልውጣ? መታጠቢያ ቤት አስገብቻት በሩን ዘጋሁና ከሥሩ እርጥብ ፎጣ ጎሰጎስኩበት።»

«ማን አስተማረሽ?»

«ማን ያስተምረኛል? ራት ባቀረብኩልህ ቁጥር የምትለፈልፈው ምንድን ነው?»

ሳቀ፤ ሳቁ መሃል ላይ ለቅሶ ሆነበት። እናቱ ጭንቅላቱን ስባ ትከሻዋ ላይ አስደገፈችው። አጠገባቸው ባለው አልጋ ላይ ልጅቷን እንቅልፍ ወስዷታልና፣ ከዚያ በኋላ ያወሩት በሹክሹክታ ነበር።