የኮርኒስ ቪዲዮ

«ይሄ ምንድነው?» አለ ዶክተሩ፣ ስልኩን ወደ ዓይኑ አስጠግቶ።

«ኮርኒስ ነው» አለ ሙሉሰው።

«ሁለተኛውስ?»

«እሱም ኮርኒስ ነው። ሦስተኛው ግን ጉልበቴ ነው።»

ዶክተሩ ሊስቅ ብሎ ተወው። ከስልኩ ውስጥ የሙሉሰው ድምፅ ይሰማል፤ «ማቄ፣ አለሁ፣ አባዬ አለልሽ፣ ማቄ...»። እስኪያልቅ አዳመጠው። የአራት ዓመቷ መቅደላዊት አባቷ ጭን ላይ ተቀምጣ በኮቱ ቁልፍ ትጫወታለች፤ ላያት ምንም የላትም። ሰውየውን የሚያሳብደውም ይኸው ነው። ደሟ ነጻ፣ ሽንቷ ነጻ፣ ወባ የለ፣ ዘጠኝ ወር ሙሉ «ምንም አልተገኘባትም» ብቻ። ቤት ሲገቡ ግን ዓይኗ አንድ ቦታ ተተክሎ ይቀራል፣ ግራ እጇ ይንቀጠቀጣል፣ ከዚያ ዝልፍልፍ ትልና ትተኛለች።

«ምን እንደሚያደርጋት ሳላይ መድኃኒት መጀመር አልፈልግም» አለ ዶክተሩ። «በጎኗ አስተኝተህ ቅረጻት ነው ያልኩህ። ስልኩን ለምን ትጥለዋለህ?»

«ልጄ እኮ ናት! እሷ እንዲያ እየሆነች ስልክ ደግኜ ልቁም? እጄ እምቢ ይለኛል።»

«እንግዲያው ሰው ፈልግ። አንተ ከእሷ ጋር ሁን፣ ሌላው ይቅረጽ።»

«ሰው የለኝም።»

«ግቢያችሁ ውስጥ ስንት ቤት አለ?»

«ሰባት።»

«ታዲያ!» አለና ቀጣዩን በሽተኛ አስጠራ።

ታዲያ ማለት ቀላል ነው። ሙሉሰው ልጁን ትከሻው ላይ አድርጎ ወደ ቤት ሲመለስ መንገዱን ሙሉ የኔዓለምን እያሰበ ነበር። ልጅ ሆኖ ቁይ የምትባል ከተማ ሲኖር የጎረቤታቸው ልጅ ነበረች፤ «ይጥላታል» ይሏታል። ማንም ክፉ አልተናገራትም፣ ማንም አልመታትም። ውኃ የምትጠጣበት ጣሳ ብቻ ለብቻው ምስማር ላይ ይሰቀላል። አንድ ቀን ከዚያ ጣሳ ጠጣ ብትለው ሮጦ አመለጠ። እሱ ራሱ!

ማቄንም ያ ጣሳ እንዳያገኛት ሲል ነው የስፌት መኪናውን ከገበያው በረንዳ አንሥቶ ቤቱ ያስገባው። ለጠየቀው ሁሉ «ኪራይ ተወደደብኝ» ይላል። ቤሩት ሰው ቤት ለምትሠራው ሚስቱ ለዘመናይም፣ ስትደውል «ደህና ናት፣ ተኝታ ነው» ይላታል። በሩን ዘግቶ ይሰፋል፣ በሩን ዘግቶ ይፈራል። የሚነግረው ሰው ከማጣቱ የተነሣ አንዳንዴ ለመኪናው ያወራል።

ከሰዓት በኋላ፣ ስምንት ሰዓት ገደማ፣ የተማሪ ዩኒፎርም እየቀመቀመ ነበር። ማቄ በቁርጥራጭ ጨርቅ በሰፋላት ፍራሽ ላይ ቁልፎች ትደረድራለች። የቁልፎቹ ድምፅ ቆመ።

ዘወር ሲል ዓይኗ ግድግዳው ላይ ቀርቷል።

ስልኩን አነሣ። ካሜራውን ከፍቶ መቅረጫውን ነካ። እሷን አየ፣ ስልኩን አየ። በጎኗ አስተኛትና በሩን በእግሩ በርግዶ ከፈተው።

«እትዬ አሰገደች! ኧረ ይድረሱልኝ!»

የጎን ጎረቤቱ እትዬ አሰገደች ደጃፋቸው ላይ ግድግዳውን ተደግፈው ምስር ይለቅሙ ነበር። ሰፌዱን ጥለው ገቡ።

«በስመ አብ! ክብሪት! ክብሪት ጭረህ ጭሱን አሽትታት እንጂ!»

«ክብሪቱ ይቅር። ይሄን ይያዙልኝ፣ ወደ እሷ ያዙሩት።»

«እኔ ስልክ የት አውቄ!»

«ይያዙት ብቻ፣ እትዬ!»

በሁለት እጃቸው ያዙት፤ «እመብርሃን፣ እመብርሃን» እያሉ። ሙሉሰው ሁለቱም እጆቹ ነጻ ሆኑለት፤ ራሷን በመዳፉ ደገፈ። ሁለት ደቂቃ የሚሆን ቆይቶ እጇ ረጋ፣ ተኛች። ቪዲዮውን አየው። ይንቀጠቀጣል፤ ማቄ ግን ከእግር እስከ ራሷ አለችበት።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ዘጠኝ ወር።»

«ዘጠኝ ወር! እኔ ከግድግዳው ወዲያ ቁጭ ብዬ፣ አንተ እዚህ ብቻህን! ኧረ ምን ዓይነት ጨካኝ ሰው ነህ አንተ!» አሉ፤ እንባቸው መጣ። እሱም አለቀሰ። ዘጠኝ ወር የያዘው ልቅሶ ስለነበር ቶሎ አላቆመለትም።

ማቄ ስትነቃ እትዬ አሰገደች ከቤታቸው ውኃ አመጡላት፣ ራሳቸው ዘወትር በሚጠጡበት ባለ አበባ ኩባያ። ግማሹን ጠጥታ ተወችው። ሙሉሰው ዓይኑን ከኩባያው መንቀል አቃተው። እሳቸው የቀረውን ጭልጥ አድርገው ጠጡና አፋቸውን በነጠላቸው ጠረጉ።

«ሙቀቱ አይጣል ነው» አሉ።

ጩኸቱን ሰምታ የወጣችው እስከዳር ከማዶ ቤት ቆማ ስታይ ነበር። ወደ እነሱ የሚሮጠውን ልጇን እጁን ይዛ አስገባችና በሯን ዘጋች። መቀርቀሪያው ሲገባ ሁለቱም ሰሙ።

«ተዋት» አሉ እትዬ አሰገደች ቀስ ብለው። ሲወጡ፣ ዘወትር ዝግ የሚያውቁትን የሙሉሰውን በር ሊዘጉት ገፋ አደረጉት።

«ይተዉት፣ እትዬ። ክፍት ይሁን።»

ተነሥቶ የስፌት መኪናውን ወደ ደጃፉ ጎተተው። ፊቱን ወደ ግቢው አዙሮ ተቀመጠና የጀመረውን ዩኒፎርም መቀምቀሙን ቀጠለ።