«ደህና ነኝ» ያሉ ሠላሳ አንድ ሰዎች

መጀመሪያ የተሰማት ኳኳታው ነው፤ ጠጠር ጣሳ ውስጥ ሲናወጥ የሚመስል። ብሬንዳ በሩን ሳትከፍት ዶሚኖ እየተበወዘ መሆኑን፣ የሚበውዘውም አባቷ መሆኑን አወቀች። ዊልፍሬድ ሆልሮይድ በሰማንያ አራት ዓመቱም ዶሚኖ ሲበውዝ እንደ ጎረምሳ ጠረጴዛ ይደበድባል። ቤቱ ሲገባ ግን ሻዩን የሚያማስልበት ማንኪያ እንኳ ድምፅ የለውም።

ሚስቱ በሞተች በዓመቱ ወጥ ቤት ውስጥ ወድቆ፣ ልጁ ከሥራ እስክትመለስ ሰባት ሰዓት ሙሉ ቀዝቃዛው ወለል ላይ ተኝቶ ዋለ። ከዚያ ወዲህ በሳምንት ሦስት ቀን እዚህ፣ የክራግሾው ከተማ ምክር ቤት በሚያስተዳድረው የአረጋውያን መዋያ ይውላል። ገላውን ያጥቡታል፣ ትኩስ ምሳ ይበላል፣ ዶሚኖ ከሚጫወተው ጓደኛው ከኮሊን ጋር ይሰዳደባል። ብሬንዳም በእነዚያ ሦስት ቀናት ትምህርት ቤት ምግብ ታበስላለች። መዋያው ከተዘጋ ወይ ሥራዋን ትተዋለች፣ ወይ አባቷን ለወለሉ ትተወዋለች። ምክር ቤቱ ደግሞ ሊዘጋው ነው። ክረምቱን በሙሉ ዝናብ እየወረደባት በር እያንኳኳች ፊርማ ስታሰባስብ የከረመችው ለዚህ ነበር።

አሁን በእጇ የያዘችው የምክር ቤቱን ጥናት ነው። ከሠላሳ አራቱ አረጋውያን ሠላሳ አንዱ «ደህና ነኝ፣ ምንም አልጎደለኝም» ብለዋል ይላል። ስለዚህ መዋያው አያስፈልግም።

«አባዬ፣ መጠይቅ ይዛ የመጣችውን ልጅ ምን አልካት?»

«ያቺን ቀጭኗን? ደህና ነኝ አልኳት።»

«ደህና ነህ?»

«እንግዳ ‹እንዴት ነህ?› ሲልሽ ምን ትያለሽ? ችግርሽን ዘርዝረሽ ታለቅሻለሽ?»

ኮሊን ጥርስ በሌለው አፉ ሳቀ። «እኔማ ደረጃ እየወጣሁ እወርዳለሁ ብያታለሁ። ቤቴ ደረጃ የለውም እኮ!»

«አንተ ዝም በል፣ ሌባ! ድርብ ስድስቷን እጅጌህ ውስጥ ከተሃታል።»

ብሬንዳ አልሳቀችም። የክራግሾው ሽማግሌ እግሩ ቢቆረጥ «ከእኔ የባሰ አለ» ብሎ ወንበሩን ይለቃል። ይህን ኩራት ከልጅነቷ ጀምሮ ስትወደው ኖራለች። አሁን ግን አንቃ ብትገድለው ደስታዋ ነበር።

«ሰምተውህ ሊዘጉት ነው» አለችው። «ማክሰኞ ስብሰባው ላይ ተነስተህ እውነቱን ትናገራለህ። ቃል ግባልኝ።»

«እሺ ልጄ፣ እናገራለሁ።»

ማክሰኞ አዳራሹ ጢም አለ። ዊልፍሬድ ሠላሳ ዓመት በአውቶቡሱ ያመላለሰው ሰው ሁሉ መጥቷል። ሰብሳቢው ሚስተር ፒከርስጊል ራሱ በዚያው አውቶቡስ ተሳፍሮ ነው የተማረው። የዊልፍሬድ ተራ ሲደርስ ሰብሳቢው ፈገግ ብሎ፣

«ሚስተር ሆልሮይድ፣ እንዴት ነዎት?» አለው።

ሽማግሌው በአንድ እጁ ማይክራፎኑን፣ በሌላው ብረት መደገፊያውን ጨብጦ ተነሳ።

«ደህና ነኝ ጌታዬ። አላማርርም።»

አንዳንዱ ሳቀ። ሰብሳቢው ጎንበስ ብሎ ጻፈ። ዊልፍሬድ ጆሮው ድረስ ቀላ።

«አባዬ፣ ንገራቸው እንጂ!»

«ኧረ እኔስ… ኮሊን ነው እንጂ የሚያሳዝነው…»

ብሬንዳ ማይክራፎኑን ከእጁ ወሰደች።

«ደህና አይደለም» አለች። «ባለፈው እሑድ አልጋው ላይ ሸንቶ፣ እንዳላይበት አንሶላውን ቁም ሳጥን ሥር ወትፎት አገኘሁ። ልብሱን ሳወልቅለት ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ እናቴን እየጠራ ያለቅሳል። ማታ ማታ ዳይፐር የማደርግለት እኔ ነኝ። ይኸውላችሁ የእናንተ ደህና ሰው! የቀሩት ሠላሳዎቹም እንዲሁ ናቸው፤ ልጆቻቸውን ጠይቁ።»

ከፊት የተቀመጡ አንዲት አሮጊት ወደ ዊልፍሬድ ላለማየት ቦርሳቸውን ከፍተው ይበረብሩ ጀመር። ብሬንዳ ወደ አባቷ አልዞረችም፤ ብትዞር ንግግሯን እንደማትጨርስ ታውቃለች።

ከዚያ የምክር ቤቱ አባላት እጅ አወጡ፣ ተቆጠረ። በአንድ ድምፅ ብልጫ መዋያው ለአንድ ዓመት እንዲቆይ ተወሰነ። ሰው ሁሉ ተነስቶ አጨበጨበ፤ አንዱ የብሬንዳን ትከሻ መታ መታ አደረገ፣ አንዷ አቀፈቻት። ኮሊን «ብራቮ የእኔ አንበሳ!» ብሎ ጮኸ።

ዊልፍሬድ የካፖርቱን ቁልፎች ከታች እስከ ላይ አንድ በአንድ ቆለፈ። ኮፍያውን አጠለቀ።

«አባዬ፣ ቆይ፣ መኪናውን ላምጣልህ» አለችው።

ሰዎቹ ጭብጨባቸውን እያቆሙ መንገድ ለቀቁለት። መደገፊያውን እየገፋ በወንበሮቹ መሀል አለፈ፣ በሩን በትከሻው ገፍቶ ወጣ።