ተመችቷታል

«ጫማሽን አውልቂና ውጪበት፣ የኔ ቆንጆ» አለች ሲስተር ሩሃማ። ሌንሳ ሚዛኑ ላይ የወጣችው ዓይኗን ጨፍና ነው።

«ማሻ አላህ፣ ተመችቷታል!» አሉ በር ላይ ተራ የሚጠብቁ እናት።

አባቷ ነገሪ ደረቱ ተነፋ። ልጁ ስትሞገስ እንዲህ ነው፤ ሰፈሩ ያውቀዋል። ሚስቱ ለማስተማር ጊኒር ከተዛወረች ወዲህ ሌንሳን የያዘው እሱ ነው። የትምህርት ቤቱ ደወል ከቤታቸው ይሰማል፤ እሱ ግን በባጃጅ ያደርሳታል። ስትመለስ ለስላሳና ቦምቦሊኖ ኋላ ወንበር ላይ ይጠብቋታል። እናቷ የናፈቀቻት ቀን ቦምቦሊኖው ሁለት ይሆናል። ዛሬ ያመጣት «ሆዴን አመመኝ» እያለች ከትምህርት ቤት መቅረት ስላበዛች ነበር።

ሲስተር ሩሃማ ግፊቷን ለካች፤ ቆየት ብላ ደግማ ለካች።

«ሆዷ ደህና ነው። ክብደቷ ግን ለዕድሜዋ በዝቷል፤ ግፊቷም ከፍ ብሏል። ሌላ ቀን ደግመን እናየዋለን።»

«የዘጠኝ ዓመት ልጅ? ግፊት የሽማግሌ በሽታ አይደል እንዴ?»

«ልጆችንም ይይዛል፣ አቶ ነገሪ።»

«እኔን በልጅነቴ ‹ንፋስ እንዳይወስድህ ድንጋይ ያዝ› እያሉ ነበር የሚስቁብኝ። ልጄን ማንም ከሲታ እንዳይላት ብዬ ነው።»

«አሁንስ ምን እንደሚሏት ጠይቀዋት ያውቃሉ?»

ነገሪ ወደ ልጁ ዞረ። ሌንሳ የጫማዋን ክር እያፍተለተለች፣ «ጆንያ» አለች። «ስፖርት ላይ ስሮጥ ትንፋሽ አጠረኝና ሳቁብኝ። ሆዴን የሚያመኝ ከዚያ ወዲህ ነው።» ከዚያ ቀና ብላ፣ «ሲስተር፣ ተመችቷታል ማለት ታማለች ማለት ነው?» አለች።

በር ላይ ያሉት እናት ነጠላቸውን አስተካከሉ።

«አይደለም። አንቺም ምንም አላጠፋሽም» አለቻት ሲስተር ሩሃማ። ወደ አባትየው ዞራ፣ «እንዳያስርቧት፣ እንዳይቆጧትም። ለስላሳው በውሃ ይተካ፤ ቦምቦሊኖው የበዓል ይሁን። በእግሯ ትሂድ። ብቻዋን ግን አይደለም፤ ቤቱ ነው አብሮ የሚለወጠው» አለችና ከባለቤቱ ቀድሞ የትም የሚደርሰውን የነገሪን ቦርጭ አየት አደረገችው።

በማግስቱ ጠዋት ብርዱ ጆሮ ይቆርጣል። ባጃጁ ግቢ ውስጥ ቀረ፤ አባትና ልጅ በእግራቸው ወጡ። ነገሪ፣ ሰው ከጠየቀኝ «ጎማው ፈንድቶ ነው» እላለሁ ብሎ ተዘጋጅቷል።

«አካም ቡልቴ፣ ነገሪ!» አለች ባለ ሱቋ ረቢያ። «ባጃጁ ተበላሸ? ወይስ ይቺ ልጅ ከበደችው?» ሳቀችና እንደ ልማዷ ለሌንሳ ብስኩት ዘረጋችላት።

ሌንሳ አንገቷን ደፋች። ነገሪ ምላሱ ላይ የደረሰውን ጎማ ዋጠው።

«ባጃጁ ደህና ነው። የተበላሸሁት እኔ ነኝ» አለ እያለከለከ። «ሌንሳ መራመድ እያስተማረችኝ ነው። ብስኩቱም ይቅርብን፣ ለሁለታችንም።»

ረቢያ እጇን ሰበሰበች። ሌንሳ አባቷን ቀና ብላ አየችው፤ ከዚያ እጁን ያዘችና እርምጃዋን ቀነስ አደረገች።

«ቀስ በል አባዬ» አለችው። «ገና ጀማሪ ነህ።»