ለተጨማሪ ጥናት

በነሐሴ 1966 ዓ.ም. በአንዱ ማለዳ የቡታጅራው እንደራሴ፣ የተከበሩ አቶ ሽፋ ሰይዶ፣ ከአዲስ አበባ አውቶቡስ ሲወርድ ሻንጣውን የሚቀበለው ሰው አጣ። ይህ ቀላል ነገር አይምሰላችሁ። ሽፋ ቡታጅራ ሲገባ አሥራ ስድስት ዓመት ሙሉ ግማሹ ገበያ ይነሳለት ነበር፤ ያችን ሻንጣ ለመያዝ ስንት ትልቅ ሰው ተጋፍቷል። ዛሬ ጃንጥላውን በብብቱ ሸጉጦ፣ ጭቃውን እየረገጠ፣ ብቻውን መንገዱን ያዘ። ልብስ ሰፊው ደጃፍ ሲደርስ ሰዎች ሬዲዮ ከበው ቆመዋል። ሲያዩት አንዱ እጁን ሰደድ አደረገና ድምፁን ቀነሰው።

"አሰላሙ አለይኩም" አላቸው።

"ወአለይኩም ሰላም" አሉት። ከዚያ በላይ አንድ ቃል የጨመረለት የለም።

በዚያ ሰሞን ሬዲዮው ስም ይጠራል። ሚኒስትሩን ይጠራል፣ ጄኔራሉን ይጠራል፣ ባላባቱን ይጠራል። ስሙ የተጠራ ሰው እጁን ይሰጣል፣ ንብረቱም ይያዛል። እንደራሴ ግን እስካሁን አልተጠራም፤ እንደራሴ አይነካም የሚል ሕግም ነበር። ሽፋ ያንን ሕግ ሙጭጭ አድርጎ ይዞታል።

በምክር ቤቱ የእሱን ያህል የቆየ ሰው ጥቂት ነው። አምስት ጊዜ ተመርጧል። ንግግር ላይ እንኳ እምብዛም ነው፤ የእሱ ሙያ ሌላ ነበር። ነገር ከረር ሲል፣ ጌቶቹ ፊታቸውን ሲያጠቁሩ፣ ሽፋ ቀስ ብሎ ይነሳና "ጉዳዩ ለተጨማሪ ጥናት ወደ ኮሚቴ ይመለስ" ይላል። ሁሉም እፎይ ብሎ እጁን ያወጣል። የጭሰኛው ሕግ በዚህ ዓይነት ስንት ጊዜ እንደተመለሰ እሱ ራሱ ቆጥሮ አይዘልቀውም። እርግጥ ነው፣ ክሊኒክ አስከፍቷል፣ ድልድይ አሠርቷል፤ ይህን ማንም አይክደውም። ግን አንድም ሰው ሳያስቀይሙ አሥራ ስድስት ዓመት መክረም እንዴት እንደሚቻል አገሩ ያውቀዋል።

ደግሞ ያ ሁሉ ክብር የቆመው በሰው መሬት ላይ ነበር። ለእንደራሴነት የሚወዳደር ሰው በአገሩ ንብረት ይኑረው የሚል ሕግ ወጥቶ ነበር፤ ሽፋ ግን መርካቶ ቆዳ ሲነግድ የኖረ፣ አንድ ስንዝር መሬት የሌለው ሰው ነበር። የቡታጅራ ዙሪያ የመስቃን ጉራጌዎች ከወገናቸው የሚልኩት ሰው ቢቸግራቸው ሰባት ቤተሰብ ተማከረና በየስማቸው ያለችውን መሬት ሁሉ ወደ ሽፋ ስም አዛወሩለት። ጉድ እኮ ነው። ሌላው ለሹመት ብሎ የሰው መሬት ይቀማል፣ እነዚህ አውጥተው ሰጡ። የውል ወረቀት እንኳ አልፈለጉም፤ በጉርዳ አሰሩት። ጉርዳ ማለት በጉራጌ አገር ባዕዱን እንደ ሥጋ ዘመድ የሚያስር መሐላ ነው። ሽማግሌያቸው ሸህ ሀቢቡ በሰባቱ ቤት ልጆች ራስ ላይ "ይህ መሬት የሽፋ ነው" ብለው ማሉ። ሽፋም "ከወንበሩ ስወርድ በገዛ እጄ እመልሳለሁ" ብሎ ማለ። እሱ በገዛ እጁ እስኪመልስ መሐላው አይፈታም። ከዚያ በፊት ሽማግሌው የማሉትን ሐሰት ነው ቢሉ መዓቱ የሚወርደው በእነዚያው ልጆች ላይ ነው።

ሽፋ ታዲያ መች ከወንበሩ ወረደ። ምርጫ በመጣ ቁጥር ሸህ ሀቢቡ መዝጋቢው ፊት ይቀርባሉ፣ ይምላሉ፣ አውራ ጣታቸውን ያትማሉ። ሕዝቡ ይመርጠዋል፤ መሬቱም ሌላ አራት ዓመት ይከርማል። ማን በማን ይፍረድ? የመረጡት ራሳቸው ናቸው።

ቤት ሲገባ ሚስቱ ዘይባ ካፖርቱን እስኪያወልቅ እንኳ አልጠበቀችም።

"ሸህ ሀቢቡ ልከውብሃል። ሰባቱም ቤት ከሰዓት በኋላ እሳቸው ዘንድ ይጠብቁሃል።"

"ምን ፈልገው?"

"ጠፍቶህ ነው? ስምህ ሳይጠራ ፈርምላቸው። የመሬት ጸሐፊው ገብረእግዚአብሔር ቢሮው ነው ያለው። ሂድ፣ ፈርም፣ ናና ምሳህን ብላ።"

"ምክር ቤቱ እኮ አልተዘጋም፣ ዘይባ። መሬቱን ከመለስኩ ወንበሩም አብሮ ሄደ ማለት ነው። ወንበሩ ከሄደ ደግሞ ማን ይምረኛል?"

"ወንበር ወንበር ትላለህ። የሚያስቀምጥህ ሲኖር አይደል?" አለችና ወደ ጓዳ ገባች።

ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ሳያባራ ሸህ ሀቢቡ ቤት ተሰበሰቡ። ሽማግሌው ሰባ አምስት አልፏቸዋል፤ ምሰሶውን ተደግፈው ተቀምጠዋል። መጀመሪያ የተናገረችው አሚኔ ናት፣ ከሰባቱ የአንዱ ሚስት የነበረች፣ ባሏ የሞተባት።

"የተከበሩ፣ ባሌ መሬቱን ሲሰጥዎ ትልቋ ልጄ ጡት ላይ ነበረች። ዛሬ እሷም ወልዳለች። እንሰቱን ተክዬ ያሳደግኩት እኔ ነኝ፤ ሦስት ልጆች ገና ከእጄ አልወጡም። መጥተው የሽፋ ነው ብለው ቢወስዱብኝ የት እገባለሁ?"

"ማን ይወስድብሻል፣ አሚኔ?"

"እነዚያ ስም የሚጠሩት ናቸዋ።"

ሸህ ሀቢቡ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "ሽፋ፣ ነገ ማለዳ አብረን ገብረእግዚአብሔር ዘንድ እንሂድ። አንተ በእጅህ ትመልሳለህ፣ እኔም ከመሐላው እፈታለሁ። ደክሞኛል፣ ልጄ። ይህን ተሸክሜ መቃብር መውረድ አልፈልግም።"

ሽፋ እሺ ሊል ነበር። ወላሂ ሊል ነበር፤ ቃሉ አፉ ላይ ደርሷል። ግን የለመደ ምላስ ክፉ ነው።

"ነገሩ ከባድ ነው" አለ። "ጥቂት ቀን ስጡኝ። በደንብ ላጥናው።"

የተከራከረው የለም። የታላቅ ሰው ቃል ነውና አንገታቸውን ደፉ። ሸህ ሀቢቡ እጃቸውን ዘርግተው ዱዓ አደረጉና ስብሰባው ተበተነ። ሽፋ ወደ ቤቱ ሲመለስ እንደ ምክር ቤቱ ሁሉ እዚህም እንደረታ ገባው። እንዲህ በቀላሉ መርታቱ አስፈራው።

በአራተኛው ቀን፣ ገበያው ሞቅ ባለበት ሰዓት፣ ልብስ ሰፊው ደጃፍ አጠገብ ሲያልፍ ሬዲዮው ስም ይጠራል። ማንም ድምፁን አልቀነሰውም። "ሽፋ ሰይዶ" አለ። የተከበሩ የለው፣ አቶ የለው፣ ልክ ፍርድ ቤት እንደሚጠራ ሌባ። ገበያተኛው መንገድ ለቀቀለት፤ ለክብሩ ግን አልነበረም።

በቀጥታ ወደ ገብረእግዚአብሔር ሮጠ። ገብረእግዚአብሔር ከመንዝ በወጣትነቱ መጥቶ ቡታጅራ ላይ ያረጀ የመሬት ጸሐፊ ነው፤ የሽፋን አምስት የምርጫ ወረቀቶች በእጁ የጻፈ እሱ ነው።

"ሰባቱን መሬት አሁኑኑ አዛውርልኝ" አለው ሽፋ ትንፋሹ እየተቆራረጠ።

"ትናንት ቢመጡ ዓይኔን ሳላሽ ማኅተሙን እመታው ነበር። ስሙ የተጠራ ሰው ግን ምንም ማዛወር አይችልም። ሰርኩላር ደርሶኛል።"

"የግማሽ ሰዓት ነገር እኮ ነው፣ ገብረእግዚአብሔር። ማን ያያል?"

"እኔም ሬዲዮ እሰማለሁ፣ አቶ ሽፋ። እኔም ልጆች አሉኝ።" መሳቢያውን ቆለፈና ቁልፉን ኪሱ ከተተ።

በማግስቱ ማለዳ አንድ የመቶ አለቃ ሦስት ወታደሮች አስከትሎ በላንድሮቨር መጣ። ሽፋን ከቤቱ አውጥተው ንብረቱን ሊመዘግቡ ወደ እርሻው ይዘውት ሄዱ፤ ገብረእግዚአብሔርም ፋይሉን ታቅፎ ተከተለ። ሰባቱ ቤት ከነልጆቻቸው እንሰቱ ሥር ቆመው ጠበቋቸው። አሚኔ ትንሹን ልጇን አዝላለች።

"ይህ መሬት የእኔ አይደለም" አለ ሽፋ።

"ሁሉም እንደዚያ ይላል" አለ የመቶ አለቃው። "የእርስዎ ካልሆነ አሥራ ስድስት ዓመት በምን ተመረጡ?"

"በውሸት።" ሽፋ በዕድሜው ሙሉ ሳይዞር ሳይጠመዘዝ የመለሰው ብቸኛ መልስ ይህ ሳይሆን አይቀርም። "የእነዚህ ሰዎች ነው። እነሱን ይጠይቁ።"

የመቶ አለቃው ወረቀቶቹን አገላበጠ። አምስት ቃለ መሐላ፣ አምስት አውራ ጣት፣ ሁሉም የአንድ ሰው። መኮንኑ ልጅ ነው፣ ግን ክፉ አይመስልም። ወደ ሸህ ሀቢቡ ዞረ።

"አባቴ፣ እኔ የድሃ መሬት ልነጥቅ አልመጣሁም። የማሉት ሐሰት ነው ይበሉኝና ሰባቱንም ከዝርዝሩ ላውጣ። በዚህ የሚቀጣዎ የለም።"

ሽማግሌው እንሰቱ ሥር የቆሙትን ልጆች አንድ በአንድ አዩ።

"አባ፣ ይበሉት እንጂ" አለች አሚኔ።

ሽፋ ተንበረከከ፤ ጭቃ ላይ፣ በዚያ በሱፍ ሱሪው። "አባ፣ ፈትቼዎታለሁ። እነሆ በሰው ሁሉ ፊት ፈትቼዎታለሁ።"

"በገዛ እጄ ነበር ያልከው" አሉ ሸህ ሀቢቡ። "ከትናንት ወዲያ እጅህ ያንተ ነበር። ዛሬ የማን ነው?"

ከዚያ ወደ አሚኔ ዞሩ። ያለቅሱ ነበር። "በልጆችሽ ራስ ላይ ነው የማልኩት፣ ልጄ። መሬቱ ቢሄድ ልጆቹ ይቀራሉ።" ለመቶ አለቃውም "የሽፋ ነው" አሉት።

የመቶ አለቃው ተነፈሰና ጻፈ። ሲጨርስ ወረቀቱን በላንድሮቨሩ አፍንጫ ላይ ዘርግቶ ለሽፋ እስክሪብቶ ሰጠው። "ባለ ንብረቱ በየመሬቱ አንጻር ይፈርሙ።"

ሽፋ የሚያመነታ መሰለ፤ ወታደሩ ክንዱን ሲነካው ግን ጎንበስ አለ። ሰባት ጊዜ ፈረመ። አሚኔ ልጇን እንዳዘለች ጠጋ ብላ እጁን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ስታይ ነበር።

"ይህን ያህል ብቻ ነው እንዴ የሚፈጀው?" አለች።